«3 ሰዓት» ሲባል የትኛው 3 ሰዓት? ሳይንስ ዳታውን ማውረስ የተማረበት ታሪክ

እስቲ አንድ አሮጌ ደብተር እጃችሁ ገባ እንበል። ገለጥ ስታደርጉት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «መስከረም 12፣ 3 ሰዓት፣ 23» ይላል። ከሥሩም እንዲህ ዓይነት መስመሮች ገጹን ሞልተውታል። ሌላ ምንም የለም።

23 ምን? የሙቀት መጠን? ሚሊ ሜትር ዝናብ? የተቆጠሩ ወፎች? 3 ሰዓትስ የጠዋት ነው የማታ? ጸሐፊው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ነው ወይስ እንደ ፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት? መስከረሙስ የእኛው መስከረም ነው ወይስ ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ ተርጉሞት? ዓመቱስ?

ልብ በሉ፤ ደብተሩ አልተቃጠለም፣ ቁጥሩም አልጠፋም። ያም ሆኖ ዳታው ሞቷል። ጸሐፊው ሰነፍ ስለነበረ አይደለም፤ ሳያሰልስ መዝግቧል። ችግሩ ሁሉም ነገር ለእሱ ግልጽ ስለነበር ሌላ ሰው ሊያነበው እንደሚችል አለማሰቡ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት። የተጻፈ ሁሉ አይወረስም። እንዲወረስ ከተፈለገ ገና ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ይህን ማን ያነበዋል? ለማንበብስ ምን ማወቅ ያስፈልገዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የዓለም ሳይንቲስቶች ግን በደንብ መጠየቅ እስኪጀምሩ ድረስ ብዙ አስርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ብዙ ዳታም ባክኖባቸዋል። ዛሬ የማወጋችሁ ይህንን ታሪክ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ። አያችሁ፣ እኔም መናገር ነበረብኝ!)

ለቁጥር የተከፈለ ሕይወት

ታሪኩ ከበረዶ ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሰሜን ዋልታ መጓዝ የአገሮች እሽቅድምድም ነበር። ማን ይበልጥ ወደ ሰሜን ዘለቀ? ማን ባንዲራ ተከለ? ካርል ዋይፕሬክት የተባለ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ የባሕር ኃይል መኮንንም ከ1872 እስከ 1874 እዚያው በረዶ ውስጥ ከርሟል። መርከባቸው በበረዶ ተይዛ ስለቀረች ጥለዋት ነው የተመለሱት።

ዋይፕሬክት ሲመለስ ግን ብዙዎችን የማያስደስት ነገር ተናገረ። አንድ መርከብ ብቻዋን ሄዳ የምታመጣው ቁጥር ብዙም አይረባም አለ። የመሬትን መግነጢስ፣ የአየሩን ጠባይና በዋልታ ሰማይ ላይ የሚታየውን አውሮራ የሚባለውን ብርሃን መረዳት ከፈለግን፣ በዋልታው ዙሪያ ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜና በአንድ ዓይነት ዘዴ መመዝገብ አለባቸው። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ እሱ ግን ሥራው ሲጀመር ሳያይ በ1881 ሞተ። በ1882 እና 83 ከ10 የሚበልጡ አገሮች ተባብረው «የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት» የተባለውን ሥራ አካሄዱ።

ዋጋው ከባድ ነበር። አዶልፈስ ግሪሊ የሚመራው የአሜሪካ ቡድን በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ ሰፍሮ ነበር። 25 ሰዎች ነበሩ። ስንቅ የሚያመጣው መርከብ በመጀመሪያው በጋ አልደረሰም፤ በሁለተኛውም አልደረሰም። በረሃብ እየረገፉ ቆይተው በ1884 ሲደረስላቸው አገራቸው በሕይወት የተመለሱት 6 ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ መዝገባቸውን አልጣሉም። የሙቀቱ፣ የነፋሱ፣ የመግነጢሱ ቁጥር አብሯቸው ተመለሰ፤ በ1888ም ታተመ።

ታዲያ ያ ሁሉ ቁጥር ምን ሠራ? እያንዳንዱ አገር የራሱን መዝገብ ለየብቻው አሳተመ። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያነጻጽር ማዕከል ግን አልነበረም። አብሮ መመዝገብን አስበውበታል፤ አብሮ ማንበብን አላሰቡበትም። በ2006 ተመራማሪዎች እነዚያን የአየር መዝገቦች መልሰው አውጥተው ስለ አርክቲክ አየር ንብረት ሲያነቧቸው፣ ከተጻፉ ከ120 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ሁለተኛው ሙከራና ጦርነቱ

50 ዓመት አለፈ። በ1932 እና 33 ሁለተኛው የዋልታ ዓመት ተካሄደ። አሁን ሰዎቹ ትንሽ ብልህ ሆነዋል። ዴንማርካዊው ዳን ላ ኩር የሥራው ኮሚሽን ሊቀመንበር ነበር፤ መዝገቦችን ከየአገሩ ኮፐንሃገን ላይ የማሰባሰብ ሥራም ተጀመረ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጊዜው ግን ክፉ ሆነ። መጀመሪያ የኢኮኖሚ ድቀቱ ገንዘብ አሳጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተያዘች። ላ ኩር በ1942 ሞተ። ከፊሉ ዳታ ጠፋ፤ ከተረፈውም ብዙው እንደታሰበው ሳይተነተን ቀረ።

እንግዲህ ሁለት ትምህርት ተገኘ። ከመጀመሪያው ዓመት፦ ዳታ ተበታትኖ ከቀረ አይጠቅምም። ከሁለተኛው፦ አንድ ቦታ ብቻ ከተከማቸም አደጋ ላይ ነው። ሦስተኛው ትምህርት ግን ገና ነበር።

እራት ላይ የተወለደ ሐሳብ

ኤፕሪል 5 ቀን 1950፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ፣ የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ቫን አለን ጥቂት ጓደኞቹን እራት ጋበዘ። ከእንግዶቹ መካከል እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማንና አሜሪካዊው ሎይድ በርክነር ነበሩ። በጨዋታ መካከል በርክነር «ለምን ሌላ 50 ዓመት እንጠብቃለን? ሦስተኛውን የዋልታ ዓመት በ25 ዓመት ብናደርገውስ?» የሚል ሐሳብ አነሳ።

ሐሳቡ እየሰፋ ሄዶ ከዋልታ አልፎ መላዋን ምድር ያዘ፤ ስሙም «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ሆነ። ከጁላይ 1 ቀን 1957 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1958 (በእኛ ከሰኔ 24 ቀን 1949 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ዓ.ም.) 67 አገሮች ተሳተፉበት። «ዓመት» ይባል እንጂ 18 ወር ነው! ጊዜው የተመረጠው ፀሐይ እንቅስቃሴዋ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ወቅት ስለነበር ነው።

አሁን ራሳችሁን በአዘጋጆቹ ቦታ አድርጉ። የሚሳተፉት የጥናት መስኮች 11 ናቸው፦ ሜትሮሎጂ፣ የመሬት መግነጢስ፣ አውሮራ፣ አዮኖስፌር፣ የፀሐይ እንቅስቃሴ፣ ኮስሚክ ጨረር፣ የበረዶ ግግር፣ ውቅያኖስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የስበት ኃይል፣ እንዲሁም የኬንትሮስና ኬክሮስ ልኬት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ አትማችሁ ብትሰጧቸውስ?

አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ በምሳሌ እንየው።

የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች ትልቁ ጭንቀታቸው ሰዓት ነው። ሞገዱ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የአንዱ ጣቢያ ሰዓት በአንድ ሰከንድ ከተሳሳተ የመንቀጥቀጡ መነሻ በካርታ ላይ ኪሎ ሜትሮችን ይስታል።

የሜትሮሎጂ ሰዎች ጭንቀት ብዛት ነው። ከመላው ዓለም፣ በየቀኑ፣ በቀንም ብዙ ጊዜ ቁጥር ይጎርፋል። ይህን ሁሉ የት ያስቀምጡታል? በመጨረሻ ሚክሮካርድ በሚባሉ፣ ጽሑፉ በጣም ደቅቆ በሚታተምባቸው ካርዶች ላይ አሳተሙት።

የአዮኖስፌር አጥኚዎች ዳታ ደግሞ መጀመሪያ ቁጥር እንኳን አይደለም፤ ፊልም ነው። ፊልሙን በሠለጠነ ዓይን እያዩ ቁጥር የሚያወጡት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁሉም አገር ፊልሙን በአንድ ደንብ ማንበብ አለበት፤ አለበለዚያ የሚነጻጸረው ሰማዩ ሳይሆን የአንባቢዎቹ ልማድ ይሆናል።

የኮስሚክ ጨረር ሰዎችስ? መሣሪያቸው የሚቆጥረው ጨረር የአየር ግፊት ሲጨምር ይቀንሳል። ስለዚህ የራሳቸውን ቁጥር ለማረም የግፊት ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። የአንዱ መስክ ዳታ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው ማለት ነው።

የበረዶ ግግር አጥኚዎች የሚቸኩሉበት ነገር የላቸውም። የእነሱ ልኬት ትርጉም የሚያገኘው አንድ ሰው ከ50 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሶ ሲለካ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ትክክለኛ የቦታ ምልክት ነው።

አዘጋጆቹ የገባቸው ሦስተኛው ትምህርት ይኸው ነው፦ ዳታን ለማስተዳደር መደርደሪያ ከመሥራት በፊት የእያንዳንዱን ቡድን ፍላጎት መጠየቅ። ለየመስኩ ኃላፊ ተመደበ። ምን እንደሚለካ፣ በምን አሃድ፣ በምን መልክ እንደሚላክ የሚነግር መመሪያ ለየመስኩ ተዘጋጀ። ሁሉም የሚጋሩት ነገር ደግሞ ተለይቶ ወጣ። ለምሳሌ ሰዓት፦ የጋራ ማመሳከሪያው እንግሊዝ አገር በግሪንዊች የሚቆጠረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ሆነ። ሁሉም ጣቢያዎች በተለየ ትኩረት የሚመዘግቡባቸው «የዓለም ቀኖች»ም በካሌንደር ላይ ተመደቡ።

ዳታው ሦስት ቤት ገባ

ከዚያ የማስቀመጫው ጥያቄ መጣ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት መሆኑን አትርሱ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በጎሪጥ የሚተያዩበት ዘመን ነው። ዳታው ዋሽንግተን ይቀመጥ ቢባል ሞስኮ አትስማማም፤ ሞስኮ ቢባል ዋሽንግተን አትስማማም። ኮፐንሃገን የደረሰውንም ሁሉም ያስታውሳል።

መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነበር፤ ሁሉም ጋ ይቀመጥ። «የዓለም የዳታ ማዕከል ሀ» አሜሪካ፣ «ለ» ሶቪየት ኅብረት፣ «ሐ» ደግሞ በምዕራብ አውሮፓ፣ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች ተከፋፍሎ ተቋቋመ። አንድ ማዕከል ቢቃጠል ወይም ጦርነት ቢውጠው ቅጂው ሌላ ቦታ አለ። የየትኛውም አገር ተመራማሪ የማባዣውን ዋጋ ብቻ ከፍሎ ቅጂ መውሰድ ይችላል። ሁለቱ ኃያላን ሚሳኤል ተደቅነው ሳለ የመግነጢስና የአየር መዝገብ ይለዋወጡ ነበር ማለት ነው። አይገርምም?

ኮድ የሌለው ድምፅ

ሁሉም ነገር ግን የሰመረ አልነበረም። በአዲሱ መስክ፣ በሳተላይት ዳታ ላይ፣ መተማመኑ ቶሎ አልመጣም። እዚህ ላይ የሚተረክ አንድ የሚያስቆጭ ታሪክ አለ።

ኖቬምበር 3 ቀን 1957 ሶቪየቶች ሁለተኛዋን ሳተላይታቸውን ስፑትኒክ 2ን አመጠቁ። ላይካ የተባለችው ውሻ የተሳፈረችባት ናት። ከውሻዋ ሌላ የሰርጌይ ቬርኖቭ ቡድን የሠራው የጨረር መቁጠሪያም ነበረባት። ሳተላይቷ በሶቪየት ምድር ላይ ስታልፍ ዝቅ ትል ነበር፤ ከፍ የምትለው በደቡብ ንፍቀ ክበብ ነው። እዚያ ደግሞ የሶቪየት መቀበያ ጣቢያ አልነበረም።

አውስትራሊያውያን ሳይንቲስቶች ግን ድምፁን ቀድተውታል። ሶቪየቶቹ ቅጂውን ጠየቁ፤ አውስትራሊያውያኑም «እሺ፣ ግን የምልክቱን ኮድ ስጡን» አሉ። ሶቪየቶቹ ኮዱን አልሰጡም፤ አውስትራሊያውያኑም ቅጂውን አልላኩም። በኋላ በሙያው ሰዎች ዘንድ እንደተተረከው ቬርኖቭ አንድ ትልቅ ግኝት ያመለጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛው ወገን ዳታው አለው፤ ሌላኛው ትርጉሙ አለው። ሁለቱም ለየብቻቸው ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ግኝቱን ያገኘው ያ እራት ጋባዥ፣ ጄምስ ቫን አለን ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 በጃንዋሪ 31 ቀን 1958 መጠቀች። የጨረር መቁጠሪያዋ ግን ከፍ ባለ ቦታ ላይ አንዳንዴ «0» ይል ነበር። በማርች የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 3 ደግሞ የቴፕ መቅጃ ነበራት። ሙሉው መዝገብ ሲታይ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ በድንገት 0! ተመራማሪዎቹ ተመሳሳይ መሣሪያ በላቦራቶሪ በኃይለኛ ጨረር ሲፈትኑ ነገሩ ገባቸው። መሣሪያው 0 የሚለው ጨረር ስለሌለ አልነበረም፤ ጨረሩ ከአቅሙ በላይ በዝቶበት ነው። ምድርን የከበቡት የጨረር ቀበቶዎች እንዲህ ተገኙ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ።

እንግዲህ አስቡት፦ ያንን «0» ያለ መሣሪያው ታሪክ ደብተር ላይ ጽፎ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስተላለፍ ምን ማለት ነበር? ትልቁን ግኝት «ምንም የለም» ብሎ ማውረስ!

ስለ ዳታው የሚናገር እንዲህ ያለ ማብራሪያ ዛሬ ሜታዳታ ይባላል። አሃዱ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ማን እንደለካው፣ ምን ችግር እንደነበር… ሜታዳታ ለዳታ እንደ ቁልፍ ነው።

አዲስ አበባ ለምን ተፈለገች?

የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ አራት ኪሎ ነው። ለጂኦፊዚክስ ዓመቱ ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ (በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው) የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። በ1958 የመግነጢስ ምዝገባ ተጀመረ። ሥራውን የመሠረቱትና ለብዙ ዓመት የመሩት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ናቸው።

አዲስ አበባ የተፈለገችው በቦታዋ ነው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር አለ፤ የመግነጢስ ወገብ ይባላል፤ ከተማችን ከዚህ መስመር ብዙ አትርቅም። በመስመሩ ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። «ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት» ብሎ የሰየመው ያው ሲድኒ ቻፕማን ነው። ይህን ጅረት ከአፍሪካ ምድር ሆኖ ለመከታተል የአዲስ አበባ መዝገብ የግድ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ደብተራችን እንመለስ። የአራት ኪሎው መዝጋቢ «3 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍስ? ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት! አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ቁጥር። የቱ እንደሆነ ካልተጻፈ የአዲስ አበባ መዝገብ ከሌሎች ጣቢያዎች መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ሊቀመጥ አይችልም። የጋራ ሰዓት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጣቢያው «ኤኤኢ» የሚል በሦስት የላቲን ፊደላት የሚጻፍ መለያ አለው፤ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም አጥኚ በዚህ መለያ የአዲስ አበባን ዳታ ያገኘዋል።

አባ ጉዋን ሌላም ከባድ ሥራ ሠርተዋል። በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የደረሱ የመሬት መንቀጥቀጦችን ታሪክ ሰብስበው በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ። ለጥንቱ ዘመን የሚሆን መሣሪያ የለም፤ ያለው ዜና መዋዕልና የመንገደኞች ማስታወሻ ነው። አንዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ። እነዚህን ምንጮች ከመሣሪያ መዝገብ ጋር አስታርቆ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ማዋል የፊዚክስ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የታሪክና የቋንቋም ነው።

ጥቅሙስ? በ1961 በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። የሚቀጥለው የት ሊሆን እንደሚችል፣ ሕንፃ እንዴት መሠራት እንዳለበት ለመገመት መሐንዲሶች የሚነሱት ካለፈው መዝገብ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናወጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበራችሁ ይህ ጥያቄ የሩቅ ሰው ጥያቄ እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ።

አንባቢው ገና ሳይወለድ

ከዚያው ዘመን አንድ የተሳካ ታሪክ ልጨምርላችሁ። በማርች 1958 ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የተባለ ወጣት ኬሚስት በሃዋይ፣ ማውና ሎአ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ። የመጀመሪያው ቁጥር በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 313 ገደማ ነበር። ዛሬ እዚያው ቦታ ሲለካ ከ420 በላይ ሆኗል።

«313 እና 420ን ማነጻጸር ምን ይከብዳል?» ትሉ ይሆናል። የሚከብደው ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን መለካታቸውን ማረጋገጡ ነው። ኪሊንግ ስለ ማመሳከሪያ ጋዞቹ እጅግ ጠንቃቃ ነበር፤ መሣሪያው በምን እንደተስተካከለ መዝግቦ ያቆይ ነበር። በ1964 ገንዘብ ጠፍቶ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋርጧል፤ ያች ክፍተት እስካሁን በሥዕሉ ላይ ትታያለች። ያለፈ አየር ተመልሶ አይለካማ!

ያንን መዝገብ ዛሬ የውቅያኖስ አጥኚው፣ የደን አጥኚው፣ የግብርና ባለሙያው፣ ኢኮኖሚስቱ ሁሉ ይጠቀምበታል። አብዛኞቹ በ1958 ገና አልተወለዱም ነበር።

ትምህርቱም ይረሳል

አሳዛኙ ነገር ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላም ዳታ መጥፋቱ አለመቆሙ ነው። በ1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ የአፖሎ 11ን ምልክት በቀጥታ የቀዱት የመጀመሪያዎቹ ቴፖች ተፈልገው ጠፉ። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ በ2009 እንዳሳወቀው ተደምስሰው ሌላ ነገር ሳይቀዳባቸው አይቀርም። ደግነቱ በቴሌቪዥን የተሰራጨው ምስል ቅጂ ነበረው።

በተቃራኒው በ1964 ኒምበስ 1 የተባለችው የአየር ሁኔታ ሳተላይት ያነሳችው ፊልም በማኅደር ቆይቶ፣ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች በዚያን ዓመት በአንታርክቲካ ዙሪያ የነበረውን የባሕር በረዶ ስፋት አወጡበት። ፊልሙ ሲነሳ የታሰበው ለደመና ነበር!

በ2008 እነዚያ የዓለም የዳታ ማዕከላት «የዓለም የዳታ ሥርዓት» ወደሚባል አዲስ መልክ እንዲለወጡ ተወሰነ። በ2016 ደግሞ የተመራማሪዎች ቡድን አራት መርሆችን አሳተመ፦ ዳታ ሊገኝ የሚችል፣ ሊደረስበት የሚችል፣ ከሌላ ዳታ ጋር ሊቀናጅ የሚችል፣ መልሶ ሊያገለግል የሚችል ይሁን። አዲስ ይመስላል፤ ግን ከዋልታው በረዶ ጀምሮ የተከማቸ ትምህርት ነው።

ነገ በእናንተ ቡድን

ነገ እናንተም ከሌላ ሙያ ሰዎች ጋር ትሠሩ ይሆናል። ለምሳሌ ስለ ጣና ሐይቅ እምቦጭ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ገባችሁ እንበል። አንዷ የሳተላይት ምስል ታመጣለች፤ ኮምፒውተር የሚያጨናንቅ ብዛት አለው። አንዱ የውኃ ናሙና በጠርሙስ ያመጣል፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ሌላዋ ዓሣ አስጋሪዎችን አነጋግራ ድምፅ ቀድታለች፤ እሱ ደግሞ የሰው ምስጢር ነው፣ ስምና ሰፈሩ ሳይወጣ እንደዋዛ ለሁሉም አይሰጥም። ክፍት መሆን ያለበት አለ፤ መጠበቅ ያለበትም አለ።

«ሁላችሁም ዳታችሁን አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱ» ቢባል ምን ይፈጠራል? ሦስቱም «ጣና አዲሱ የመጨረሻ 2» የሚል ፋይል ይዘው ይመጣሉ። ከዓመት በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ በሉና ተጠያየቁ። ምን ትሰበስባላችሁ፣ ምን ያህል ይሆናል? በምን አሃድ፣ በማን ሰዓት፣ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር? እኔ የአንተን፣ አንቺ የእኔን ዳታ ለመጠቀም ምን ማወቅ ይኖርብናል? ቅጂው ስንት ቦታ ይቀመጣል? ፍላሹ ቢጠፋ ወይም ላፕቶፑ ቢሰረቅስ? ማን ማየት ይችላል፣ ማንስ አይችልም? ቡድኑ ሲበተን ማን ይረከበዋል? ግማሽ ቀን ቢፈጅባችሁ ነው።

መልሱን አስቀድማችሁ አትገምቱ፤ ጠይቁ። ዓሣ አስጋሪዎቹን ያነጋገረችው ልጅ የሚያስጨንቃት ነገር ለኬሚስቱ በሕልሙም አይመጣለትም።

አሁን ያንን ደብተር አብረን እናስተካክለው፦ «መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024)፣ ባሕር ዳር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ሰዓት)፣ የአየር ሙቀት 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በጥላ ሥር በተሰቀለ ቴርሞሜትር የተለካ።» ጥቂት ቃላት ብቻ ተጨመሩ። ያ ቁጥር ግን አሁን ከጸሐፊው በላይ ሊኖር ይችላል።

እስቲ ዛሬ ማታ የራሳችሁን ደብተር ወይም ስልክ ክፈቱና አንድ ገጽ እዩ። ከ50 ዓመት በኋላ ለሚያነበው፣ እናንተን ለማያውቅ ሰው ይገባዋል?